በማግስቱ ያልተደፈነው ጉድጓድ

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «አባ ጉድጓድ» ይለዋል። መቃብር ቆፋሪ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አንድ ጊዜ ጎረቤት የገባች አዲስ ተከራይ ይህን ስም ሰምታ፣ እኔን ባየችኝ ቁጥር ፊቷን ሐዘን እያለበሰች «አይዞዎት እማማ» ትለኝ ነበር። ለምን እንደምታጽናናኝ የገባኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። የእሱ ሥራ ግን ሰው ማጫወት ነው። ከከተማው በላይ፣ ሣር ከማይበቅልበት ከፍተኛ ደረቅ ሜዳ ላይ የጎልፍ መጫወቻ አለ። እዚያ ኳሷ የምትገባበትን ጉድጓድ የሚቆርጠው እሱ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው እኔ የገባኝን ያህል ልንገር። ሰዎቹ መነሻ ላይ ቆመው አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ በመምቻ ይመታሉ። ወደ ወደቀችበት ሄደው እንደገና ይመታሉ። መጨረሻ ላይ ባንዲራ በተተከለበት ጉድጓድ ውስጥ ያስገቧታል። በትንሽ ምት ያስገባ አሸነፈ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ ያለውን መንገድ እነሱ በሌላ ስም ይጠሩታል፣ እኔ «መስመር» እለዋለሁ። ሜዳው ዘጠኝ መስመር አለው። በየመስመሩ ጫፍ፣ ጉድጓዱ ዙሪያ ብቻ፣ እንደ ምንጣፍ የተከረከመ ሣር አለ፤ የቀረው አብዛኛው ጠጠር፣ ቀይ አፈርና እሾህ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ርቃ ትበራለች። መሬቱ ድርቅ ያለ ስለሆነ ደግሞ ወድቃም አትቆምም፣ ትሮጣለች። ከሌላ ቦታ የመጣ ተጫዋች ጠዋት ላይ ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል፤ ከሰዓት በኋላ እሾህ ውስጥ ኳሱን ሲፈልግ ታገኙታላችሁ።

ሣሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተረግጦ እንዳይሞት፣ ጉድጓዱ በየቀኑ ቦታ ይቀይራል። ባለቤቴ ጎህ ሳይቀድ ይወጣና፣ እጀታ ባለው ክብ ስለታም ብረት አዲስ ጉድጓድ ይቆርጣል። ከዚያ ከነሣሩ ቆርጦ ያወጣውን አፈር ይወስድና የትናንቱን ይደፍንበታል። በእግሩ ቀስ አድርጎ ይረግጠዋል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ በቃ፤ ትናንት እዚያ ጉድጓድ ነበረ ብትሉት የሚያምናችሁ የለም። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ይህንን ነው። የዛሬውን ይቆርጣል፣ የትናንቱን ይደፍናል።

እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ንጹሕና ሥርዓተኛ የሚሆን ይመስላችኋል። የለም። ዕቃ አንስቶ ቦታው መመለስ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጫማው ባወለቀበት ይቀራል። መዶሻው የመጨረሻዋን ሚስማር በመታበት ቦታ ይከርማል። አንድ ጊዜ መሰላል ከመስኮቱ ሥር ትቶ፣ አጥሩን ልናሳድስ ስንፈልገው ሐረግ ወጥቶበት አበባ አብቦበት አገኘነው።

«አንተ ሰው፣ እዚያ ጉድጓዱን ሳትደፍን አትመጣም፤ እዚህ ባልዲ ማንሳት እንዴት ያቅትሃል?» ስለው፣

«እዚያ ሥራ ነው፣ እዚህ እኮ ቤቴ ነው» ይለኛል። ምን ትሉታላችሁ?

ጡረታ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት የክለቡ ውሃ አነሰ። ብዙ ሣር የነበረው ስድስተኛው መስመር ከእንግዲህ አይጠጣም ተባለ። በምትኩ ከምሥራቅ በኩል ባለው ድንጋያማ መሬት ላይ፣ ሣሩ አንድ ቁራጭ ብቻ የሆነ አዲስ መስመር ሊሠራ ነው። ንድፍ የሚያወጣ ባለሙያ ከሩቅ እስኪመጣ ደግሞ ወቅቱ ያልፋል። ይህ ሁሉ በስብሰባ ሲወራ ባለቤቴ ወንበር ሊደረድር ገብቶ ነበር። ወንበሩን እንደያዘ እጁን አወጣ።

የክለቡ ሰብሳቢ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። የከተማውን ግማሽ ሰው በእጇ የተቀበለች ስለሆነች ማንንም አትፈራም፤ ሁሉንም ራቁቱን አይታዋለች።

«ይሥሩት» አለችው። «በምረቃው ቀን አባላቱ ይጫወቱበትና ድምፅ ይሰጣሉ። ካልወደዱት ግን ይደፈናል፣ መሬቱ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ኋላ እንዳይቀየሙኝ ከአሁኑ እቅጩን ልንገርዎት።»

ቤት መጥቶ ነገረኝ። ሻይ ቀዳሁለት።

«ምን አስጨነቀህ? ጡረታህን አትጠብቅም?» አልኩት።

«ስንት ጉድጓድ ቆረጥኩ መሰለሽ» አለ ሻዩን እያማሰለ። «አንዱም የለም እኮ። ሁሉንም ራሴ ደፍኛቸዋለሁ። አንድ፣ አንድ እንኳ፣ በማግስቱ የማይደፈን ነገር ትቼ ብወጣ ደስ ይለኛል።»

ስኳር ሳይጨምርበት ነበር የሚያማስለው። ጨመርኩለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምግብ ጠረጴዛዬ የእሱ ሆነ። ቀበቶውን ሰያፍ አድርጎ ዘረጋው፤ ፈፋው ነው። የሳሙና ማስቀመጫውን ከቀበቶው ማዶ አጋደመው፤ ሣሩ ነው። የስፌት ክሬን መነሻ አደረገው። እኛ ዳር ዳሩ ላይ እንበላለን። ታናሽ ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ሱቁን ሲዘጋ እኛ ጋ ሳይመጣ አያድርም፤ የከተማው ወሬ ሁሉ ከነፀጉሩ እሱ ፊት ነው የሚወድቀው። መጥቶ ጠረጴዛውን አየና ሳቀ።

«እትዬ፣ ጋሼ ሱሪውን በምን ሊይዝ ነው?»

«አንተ ቁጭ በልና ስማ» አለው ባለቤቴ። «ይኸውልህ መነሻው። ጉድጓዱ ከፊት ለፊትህ ነው፣ ይታይሃል። መሀል ላይ ግን ፈፋው አለ። በቀኝ በኩል ጥልቅ ነው፣ ወደ ግራ እየሳሳ ሄዶ እዚህ ጋ ያልቃል።» የቀበቶውን ጫፍ ነካ። «ዕድሜ የጠገበ ሰው በግራ ዞሮ፣ ደልዳላው ላይ አሳርፎ፣ ከዚያ በሣሩ ርዝመት አንከባሎ ይገባል። አንድ ምት ይጨምራል እንጂ ምንም አይነካውም። ልቡ ያበጠ ደግሞ በቀጥታ ከፈፋው በላይ ያሻግራል።»

«መድፉ ይሻገራል» አለ ወንድሜ።

መድፉ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ በክለቡ ውስጥ እንደ እሱ ኳስ የሚያርቅ ስለሌለ ነው እንዲህ የተባለው። ከመምታቱ በፊት ዙሪያውን ያያል፣ ሰው እያየው መሆኑን ለማረጋገጥ።

«ይሻገር! እኔ ምን ከለከልኩት?» አለ ባለቤቴ። «ጥሩ መስመር ሰው አያስገድድም፣ ያባብላል። ሣሩ በእሱ በኩል ሲታይ ጠባብ ነው። ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ» ማንኪያ አንስቶ ከሳሙናው ወደ ክሩ አዙሮ አስቀመጠ፣ «በደንብ ከመታ ነፋሱ ያበርድለትና ኳሷ ሣሩ ላይ ጸጥ ብላ ትቀመጣለች። ካልመታ ፈፋ።»

«ነፋሱ ከተራራው በኩል ነው የምትለው?» አልኩት እኔ።

«ሌላ ከየት ይመጣል?»

«ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ፣ የሸሚዞችህ እጅ ወደ ተራራው ነው የሚዘረጋው።»

«ሸሚዝ ስለ ጎልፍ ምን ያውቃል!» አለና ከወንድሜ ጋር ተሳሳቁብኝ።

ማንኪያው ለሦስት ሳምንት እዚያው ተቀመጠ።

መስመሩ ተሠራ። ከአሮጌው ስድስተኛ ሣሩን እንደ ምንጣፍ ገፈው አምጥተው ከፈፋው ማዶ አነጠፉት። ፈፋው ዳሩ ተስተካከለ፣ መነሻው ተደለደለ። ምረቃው አምስት ቀን ሲቀረው ሰብሳቢዋ አዲስ ወሬ ላከች፤ አባላቱ ሥራ ስላላቸው ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሁን ተብሏል። ባለቤቴ «ይሁን» ብሎ ሊተኛ ሄደ። ይህ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚባለውን ነገር ሁሉ ተኝቶ ነው ያሳለፈው። ሌሊት ሳይነጋ ይነሳል፣ እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል፣ በልቶ ጋደም ይላል። ሜዳውን ከእጁ መዳፍ በላይ ያውቀዋል፤ ግን የሚያውቀው የጠዋቱን ነው።

ጫማውን አንስቼ አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩለት።

«ተነስ፣ እንሂድና እንየው።»

«አሁን? በፀሐይ?»

«ማንኪያህንም ይዘህ ና።»

ወንድሜን ከሱቁ ጠርተን ሄድን፤ አንዱን ደንበኛ ግማሽ ጎኑን ብቻ አስተካክሎ ትቶት ነው የመጣው። መነሻው ላይ ስንደርስ ነፋሱ ከኋላችን መጥቶ ሻሼን ፊቴ ላይ ገለበጠው። ባለቤቴ ዞር ብሎ ወደ ኋላው አየ፣ ማን ገፋኝ እንደሚል ሰው።

«ምታ» አለው ወንድሜን ድምፁ ቀጥኖ።

ወንድሜ ጎበዝ ተጫዋች አይደለም፤ ሠራተኞች እንዲጫወቱ በሚፈቀድበት ቀን ብቻ ነው የሚነካት። ግን ነፋሱ ኳሷን አዝሎ ወሰዳት። ፈፋውን ምንም እንዳልነበረ አለፈችው፣ ሣሩ ላይ አንዴ ነጠረች፣ ከዚያ ሮጣ እሾሁ ውስጥ ገባች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋም። ፈፋው ማንንም አያስፈራም፤ ሣሩ ማንንም አያስቆምም። መድፉ ቢመታትማ ተራራው ጋ ነው የምትፈለገው።

ባለቤቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ሁሉም እሾህ ውስጥ ሊገቡ ነው» አለ። «እሾህ ለቅመው ሲመለሱ ድምፅ ስጡ ይባላሉ። አለቀልኝ።»

እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ዓይኔን ወደ ማዶ ሳነሳ፣ ከሣሩ በስተኋላ፣ በቀኝ በኩል ትልቅ የአፈር ክምር አየሁ። ሣሩ የተነጠፈበትን ቦታ ሲደለድሉ ያወጡት አፈር ነው። ሠራተኞቹ «እናንሳው?» ሲሉት «ነገ» ብሏቸዋል። የእሱን ነገ እኔ አውቀዋለሁ።

«ይሄን አመልህን እዚህም ይዘኸው መጣህ?» አልኩት። «ሰው ለምረቃ ሲመጣ ያንን ክምር ነው የሚያየው?»

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ወንድሜ አንዷን መታ። ወደ ቀኝ ጠመመችበት። ፈፋውን አልፋ፣ ሣሩን አልፋ፣ ክምሩን ገጨች። ከዚያ ቀስ ብላ ተመለሰች። ሣሩ ላይ ወጣችና መሀሉ ላይ ቆመች።



«ድገም» አለ ባለቤቴ ከድንጋዩ ተነስቶ። «እዚያው ላይ። ጠንከር አድርገህ።»

ወንድሜ አንድ ሁለቱን እሾህ ውስጥ ከጨመረ በኋላ አንዷን ክምሩ ላይ አደረሳት፤ በኃይል ነበር። እሷም በኃይል ተመለሰች። ሣሩን ከኋላ ወደ ፊት አቋርጣ፣ ከዳር ደርሳ ትንሽ ያመነታች መሰለችና፣ ጠብ። ፈፋው ውስጥ።

ባለቤቴ ሲስቅ ጉንጩ እንደ ልጅ ይሆናል። «አየሽ?» አለኝ። «በልክ ለመታ ክምሩ ይመልስለታል። ከልክ በላይ ለመታ ደግሞ ይመልስበታል! አየሽ ያላነሳሁት አፈር?»

«አሁን መላ ያገኘኸው አንተ ሆንክና!»

«ታዲያ ማን ነው ያላነሳው?»

በማግስቱ ከሠራተኞቹ ጋር ክምሩን እየጎተቱ ከሣሩ ጀርባ እንደ ዝቅተኛ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጉት፣ ጠቀጠቁት፣ አለሰለሱት። ጠዋት ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ግድግዳው ማንንም አይነካም፤ ከሰዓት በኋላ ሲዞር ግን ሥራ ይጀምራል። ባለቤቴ በእነዚያ ቀናት ከሰዓት በኋላ አልተኛም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማንኪያ ራሱ አዞረው፤ አላነሳውም እንጂ።

ቅዳሜ ሰው ሁሉ መጣ። ነፋሱም በሰዓቱ መጣ። ሰብሳቢዋ ቀድማ መታች፤ ወደ ግራ፣ አጠር አድርጋ፣ ደልዳላው ላይ። ከዚያ በሣሩ ርዝመት አንከባልላ ጉድጓዱ አፍ ላይ አደረሰቻት፣ አስገባች።

«እኔ ስቸኩል ያዋለድኩት ልጅ የለም» አለች መምቻዋን እየጠረገች።

ተራው የመድፉ ሆነ። ዙሪያውን አየ፤ አየነው። መታ። እኔ ስለ ጎልፍ ብዙ ባላውቅም ያ ምት ያምር ነበር። ኳሷ ሰማይ ላይ ቆየች፣ ፈፋውን ተሻገረች፣ ሕዝቡ «እሰይ!» ብሎ አጨበጨበ። መድፉ እጁን ለሰላምታ አነሳ። ኳሷ ግድግዳውን ነካች። መመለስ ጀመረች። ጭብጨባው ቀነሰ። ሣሩ ላይ ወጣች፣ በጉድጓዱ አጠገብ አለፈች፣ ወደ ዳሩ ቀረበች። የመድፉ እጅ እንደተነሳ ነው። ጠብ።

«ሰላምታህ ደረሳት መሰለኝ፣ ልትጠጋህ ነው የመጣችው!» አለ ወንድሜ ከኋላ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

መድፉ ግን አልሳቀም። «ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ሌብነት ነው! የተሻገረች ኳስ የሚመልስ መስመር የት አለ? የእኔን ድምፅ ከአሁኑ ያዙልኝ፤ ይደፈን!»

ከእሱ በኋላ የመቱት አብዛኞቹ የእሱን መንገድ ተከተሉ፤ በግራ መዞር የፈሪ መስሎ ታያቸው መሰለኝ። አንዱ ሣሩ ላይ ቀረችለትና ጨፈረ። የቀሩት ፈፋው ውስጥ ተገናኙ። «እውነቱን ነው»፣ «ልክ ነው»፣ «ይደፈን» የሚል ማጉረምረም ተነሳ። ባለቤቴ ከአንድ ቁጥቋጦ ጀርባ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«የመኪና ማቆሚያው ሰፊ ይሆናል» አለኝ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

ሁሉም ተጫውተው ሲጨርሱ ሰብሳቢዋ ጉብታ ላይ ወጣች። «እንግዲህ ድምፅ እንስጥ። ይደፈን የምትሉ እጃችሁን አውጡ!»

ማንም እጁን አላወጣም። ዞር ብላ አየች፤ እኛም አየን። መድፉ መነሻው ላይ ተመልሶ ቆሟል።

«አንተ! ድምፅ እየሰጠን ነው!»

«አንድ ደቂቃ! አሁን ገብቶኛል፣ ጥንካሬው ነው የበዛብኝ። አንዷን ብቻ!»

መታ። ተሻገረች፣ ነካች፣ ተመለሰች። ጠብ።

«አንዷን ብቻ!»

«ኧረ አንተ ወረፋ አለ!» አለው ከኋላው የቆመው። እውነትም ወረፋ ነበር። «ይደፈን» ያሉት ሁሉ መምቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ አንዱ በነፋሱ ላይ፣ አንዱ በግድግዳው ላይ ይከራከራል። አንዱ ሽማግሌ በግራ ዞሮ አስገብቶ ሲመለስ እንደ ንጉሥ ተንጎራደደ።

«እሺ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቀው» አለች ሰብሳቢዋ። «ይደፈን ወይስ ይኑር?»

«ይኑር በቃ!» አለ መድፉ ዓይኑን ከኳሱ ሳያነሳ። «ይኑር፣ ዝም በሉኝ፣ ልምታበት!»

ሰብሳቢዋ ከጉብታው ወርዳ ወደ ቁጥቋጦው መጣች። «አባ ጉድጓድ፣ ይውጡ እንጂ፣ ልጁ በሰላም ተወልዷል» አለችው። ባለቤቴ ባርኔጣውን አጠለቀ፤ ገልብጦ ነው ያጠለቀው። አላረምኩትም።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ፣ ክለቡ ዝግ በሚሆንበት ቀን፣ ሁለታችን ብቻ ሄድን። መነሻው አጠገብ አዲስ ሰሌዳ ቆሟል። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ከልጅ ልጄ ጎን ተቀምጬ ስለሆነ ቀስ እያልኩ ነው የማነበው። «ስድስተኛ» ይላል፣ ከሥሩም የመስመሩ ስም፤ «አንዷን ብቻ»።

«ከመሞቴ በፊት አንዴ ልጫወትበት» አለኝ።

«እኔም እጫወታለሁ።»

«አንቺ? በምን?»

ሣሩ ላይ ብቻ የሚገፉበትን ጠፍጣፋ መምቻ ይዤ በግራ በኩል ጉዞ ጀመርኩ። እገፋታለሁ፣ እከተላታለሁ፣ እገፋታለሁ። ጥድፊያ የለብኝም። ደልዳላው ላይ ደርሼ ዞር ብዬ አየሁት። መነሻው ላይ ቆሟል፤ ነፋሱ ከኋላው ኮቱን ያውለበልበዋል።

«በግራ ነህ አይደል?» ብዬ ጮህኩ።

«እንዴታ! መስመሩን የሠራሁት እኔ ነኝ እኮ!»

ከዚያ ፈፋውን አየ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። አባቴ «ዓመት ጠብቅና ልጅቷን እሰጥሃለሁ» ቢለው፣ በማግስቱ አጥራችን ጋ ቆሞ የተገኘ ሰው ነው።

መታ። ተሻገረች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ዕድሜ እንዲህ የሚመታ አይመስልም ነበር። ግድግዳውን ነካች፣ ተመለሰች። ሁለታችንም በየቦታችን ቆመን አየናት።

ጠብ።

ኳሱን ፍለጋ ፈፋው ውስጥ ወረደ። ከታች ድምፁ መጣ። «ያንን አፈር እዚያ የተወው ማነው? አጠገቡ አድርሱኝ እስቲ!»

እኔ በሣሩ ርዝመት ገፋኋት። ረጅም ነበር፣ ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ባንዲራውን ነክታ ገባች። የጉድጓዱ ድምፅ ደስ ይላል፤ እንደ በር ማንኳኳት ነው። ባለቤቴ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ ከፈፋው አየኝ፣ ከዚያ ጉድጓዱን አየ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዓይናችን እስኪያነባ ሳቅን።

እጁን ይዤ አወጣሁት። ጥቂት እንደሄድን ባዶ እጁን መሆኑን አየሁ።

«መምቻህስ?»

ዞር አለ። ፈፋው ዳር፣ እንደጣለው ተጋድሟል።

«ሂድ አንሳው።»

«ተይው» አለኝ ክንዴን ይዞ ወደ ቤት እያዞረኝ። «ምን እንደሚሆን አይታወቅም።»